የሪሃና ኒካህና የፍራሹ ዘፈን

ሰው ዘፈን ከተጣበቀበት አይቀር ደህና ዘፈን ይጣበቅበት እንጂ! በሽኩር ጭንቅላት ውስጥ ስምንት ወር ሙሉ የከረመችው ግን «ፍራሽ በቅናሽ፣ ዛሬ ብቻ!» የምትል ማስታወቂያ ናት። ሰባተኛ ሰፈር ካለው የመጋረጃ ጨርቅ ሱቁ ፊት ለፊት በድምፅ ማጉያ ስትለፈፍ ነበር። ማጉያው ከተነሳ ቆየ፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች!

ሥራ ላይ ብትመጣ በቻላት። ሶላት ላይ መጣችበት። «አላሁ አክበር» ብሎ እጁን ሲያጥፍ ፍራሽ፣ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ፍራሽ። ይኼማ አይቆጠርም ይልና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ አንዱን የቀትር ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰባት ጊዜ የሰገደበት ቀን አለ። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ እሱ ጥግ ይዞ ያለቅሳል። የሃምሳ ዓመት ሰው!

በመጨረሻ የሄደባት የአእምሮ ሐኪም፣ ዶክተር ሩሀማ፣ እቅጩን ነገረችው። «ጋሼ ሽኩር፣ አላበዱም። ሐሳብ የሚጣበቅበት ሕመም ነው፣ ኦሲዲ ይባላል። መድኃኒቱን ይውሰዱ። ዘፈኗን አያባርሯት፣ ትዝፈን። እርስዎ ብቻ ሶላቱን አይድገሙ።»

አይድገሙ ማለት ለእሷ ቀላል ነው! ላብ በላብ እየሆነ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ሰባቱን ወደ ሦስት አወረደ። በዚህ መሃል የሪሃና ኒካህ ደረሰ።

ሪሃና አንድ ልጁ ናት። አባት ደግሞ ሙሽራውን «ልጄን ዳርኩህ» ማለት አለበት። ያኔ ፍራሿ ብትመጣስ? ኒካሁ ባይጸናስ? ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ ያለ ኒካህ ብትኖርስ? ፍርሃቱ እንቅልፍ ነሳው። ወንድሙን ወክለኝ ሊል ስልክ ሲያነሳ ሪሃና ደረሰችበት።

«አባዬ፣ እኔ ካንተ አፍ ነው የምፈልገው» አለችው።

ስልኩን አስቀመጠ።

በዕለቱ ሳሎኑ ጢም ብሏል። ሸህ ሰላሁዲን የሽኩርን እጅ ከሙሽራው ከዛኪር እጅ ጋር አያያዙና «በል» አሉት። አፉን ሲከፍት መጣች፣ በሙሉ ድምፅዋ። ዝፈኚ፣ አላት በሆዱ፤ ሰርግ ነው፣ ዝፈኚ!

«ልጄን ሪሃናን ዳርኩህ» አለ ጮክ ብሎ።

«ተቀብያለሁ» አለ ዛኪር።

ወዲያው ምላሱን በላው። አልተቆጠረም፣ አንዴ ብቻ ድገመው ይለዋል ውስጡ። ሸሁም ፊቱ ሲለዋወጥ አይተው አዘኑለት። «ከፈለግክ ድገመው፣ ምንም ችግር የለውም» አሉት።

ሽኩር ቀና ሲል ሪሃና በጓዳው በር በኩል ታየዋለች።

«የለም ሸሄ። አንዴ ብያለሁ።»

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። ዘፈኗ እዚያው ናት፤ ሽኩር ግን ልጁን ድሯል።