የሀያቱ አዲስ ብሌን

ሀያቱ በሌዘር ሕክምና ከመነጽር ከተገላገለ ወዲህ፣ ልባሽ ጨርቅ የታጨቀበትን ቦንዳ ሲፈታ ዓይኑን መከለል እርግፍ አድርጎ ትቶ ነበር። አንድ ቀን የብረት ማሰሪያው ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይኑን ገረፈው፤ በሌዘሩ ጊዜ ተከፍቶ የነበረውን የብሌኑን ስስ ሽፋን ከቦታው አነሳው። ቁስሉ ሲሽር ብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ ቀረ። በዚያ ዓይኑ ሲያይ ሰው ሁሉ እንፋሎት ካደበዘዘው መስተዋት ማዶ የቆመ ይመስለዋል።

ዶክተር ኤልሳቤት ጠባሳውን ቆርጣ አውጥታ፣ አንድ ሟች በኑዛዜ የለገሰውን ብሌን ሰፋችለት። ስትሸኘው አስጠነቀቀችው።

«ጋሼ ሀያቱ፣ ክሩ እንዳይላላ ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ማንሳት የለም፣ ዓይን ማሸት የለም። እኔ በቃ እስክልዎ ድረስ።»

«እስከ ዒድ አይበቃም፣ ዶክተር?»

«አይበቃም።»

«እሺ፣ ሱጁዷን ብቻ ይልቀቁልኝ።»

«እዚህ ቁርጥ ዋጋ ነው፣ ጋሼ!»

ሳቀ። ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ሲጀምር ግን ነገሩ መረረው፤ በሱጁድ መሬት መንካት የለመደው ግንባሩ መሬቱ ናፈቀው። ያም ሆኖ «አላህ የልብን ያውቃል» እያለ ቻለው።

ሱቅ የተመለሰ ዕለት ከአቧራው ራቅ ብሎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ሉብና የመከላከያ መነጽር አጥልቃ የቦንዳውን ማሰሪያ ቆረጠች። ገበያተኛው ተረባረበ። የጎረቤት ባለሱቅ ማሙሸት አላስችል አለው።

«ሰውዬው ዓይን ሲያስተክል ወገቡን አስያዘ እንዴ? ሚስትህን እያሠራህ እንደ ደጃዝማች ትጎለታለህ!»

«ስደበኝ። ስድብ ክር አይበጥስም።»

ወዲያው በግፊያው መሀል አንድ የቆዳ ጃኬት ተንሸራቶ እግሩ ሥር ወደቀ። የዕለቱ ምርጥ ዕቃ እሱ ነበር። የሀያቱ ወገብ ከሐሳቡ ቀድሞ እጥፍ ሊል ሲል፣ የወንበሩን መደገፊያ ጭምቅ አድርጎ ያዘ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሸክም ተቀበለ እንጂ፣ የራሱን አንሱልኝ ብሎ አያውቅም። ፊቱ ጋለ። ጀርባውን እንደ ምሰሶ አቀና።

«ማሙሸት፣ ና ይቺን አንሳልኝ።»

«እኔ?»

«አንተ። ምላስህ እንዲህ ከሠራ እጅህም ይሥራ እንጂ!»

ማሙሸት እያጉረመረመ አጎንብሶ ጃኬቱን አነሳ፤ ሊያራግፈውም ዘረጋው።

«እዚያ ማዶ ሄደህ!» አለው ሀያቱ፣ አዲሱን ብሌን በመዳፉ ከልሎ።