የሐብተማርያም አንድ ደቂቃ

ኤልሻዳይ ሳህሉ አጠገብ ቁጢጥ አለችና ለቅሶ ደራሾቹ እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«አንክል ሳህሉ፣ በስፕሪንግ የሠራችሁት ፊልም አንተ ጋ ነው አይደል? የዳዲን ክፍል ሴንድ ታደርግልኛለህ?»

ሳህሉ የያዘውን ሻይ ጉልበቱ ላይ ደፋው። ገና ኤዲት አልተደረገም አላት። ባይደረግም ግድ እንደሌላት ነገረችው። ነገ ሠልስት ነው፤ አባቷ የታየባቸውን ፊልሞች ሁሉ አገጣጥማ በቲቪ ልታሳይ አስባለች፤ ከሁሉም የምትፈልገው ደግሞ የመጨረሻውን ነው። ሳህሉ እፈልገዋለሁ ብሎ ተነሳ፤ በር ላይ ከተከመረው ጫማ ውስጥ የራሱን እንደምንም ለይቶ ወጣ።

መፈለግ አያስፈልገውም ነበር። ፊልሙ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ደግሞ አባቷ ሐብተማርያም ሞቶ ይታያል።

መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። በሚኒሶታዋ ቡርንስቪል ከተማ የአፓርታማዎቹ መኪና ማቆሚያ ለለቅሶ በመጡ ሰዎች መኪና ሞልቷል። አንዳንዱ ውሃ በካርቶን፣ አንዳንዱ ምግብ በትሪ ተሸክሞ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሐብተማርያም የዜማ ደራሲ ነበር። አዲስ አበባ ሳሉ ሳህሉ ፊልም ያዘጋጃል፣ እሱ ዜማ ይሠራል፤ ዜማ የሚሰጠው ግን አንድ ደቂቃ ካሜራ ፊት ከቆመ ብቻ ነው። ምን ሆኖ እንደሚታይ ግድ አልነበረውም። በአንዱ ፊልም አኮርዲዮን የታቀፈ ሰካራም፣ በሌላው የሙሽራዋ አኩራፊ አጎት፣ በሌላው ሌቦች በፊቱ ሲያልፉ የሚያንኮራፋ ዘበኛ ሆነ። ሰው ዜማውን እያፏጨ የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ታክሲ ውስጥ ሲያየው ግን «ዘበኛው መጣ» ይላል። ሐብተማርያም በዚህ ከማዘን ይልቅ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለብርነሽ እያስመሰለ ያወራላታል።

አንድ ጊዜ ሳህሉ በጥይት የሚሞት ሰው ሊያደርገው አሰበ። ብርነሽ ይህን ስትሰማ ቀረጻው ቦታ ድረስ መጣች። ሟርት ነው አለች፤ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሬሳ ነው ተብሎ አይለቀስበትም። ሳህሉን በማርያም አስማለችው፤ በፊልሙ ባሏን እንዳይገድልባት። ማለላት። ሐብተማርያም በዚያ ፊልም ክንዱን ብቻ ቆሰለ፤ እሷ ከሄደች በኋላም ሠራተኛው ሁሉ ሲስቅባት ሳህሉ አብሮ ሳቀ።

ሚኒሶታ ከመጡ ወዲህ ሳህሉ የሕሙማን ማመላለሻ ቫን ይነዳል፤ ሐብተማርያም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሁለቱም ዕረፍት በሚሆኑበት ቀን፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ በተከራዩት አዳራሽ ያንን የስፕሪንግ ፊልም ይቀርጹ ነበር። የቀብሩ ትዕይንት ዕለት ሬሳ ሆኖ የሚተኛው ሰውዬ ከሥራ ተደውሎለት ሺፍት ሊሸፍን ሄደ። ካሜራ የሚይዘው ዮሲ ከኮምፖንሳቶ የሠራው ሣጥን ባዶውን ቀረ፤ አዳራሹንም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማስረከብ አለባቸው። ሐብተማርያም አልቃሽ ሆኖ ሊታይ ሰማያዊ ሱፉን ለብሶ መጥቷል።

«እኔ ልተኛ» አለ። «ለብርነሽ ማን ይነግራታል?»

ሳህሉ እሺ አለ። ሣጥኑ ውስጥ እጁን በእጁ ላይ አድርጎ ያስተካከለው፣ ክራቫቱን ያቃናለት ራሱ ነው።

ከዚያ ቀረጻ በአርባ ስድስተኛው ቀን ሐብተማርያም ሥራ ቦታ ደረጃ ላይ ወደቀ። ልቡ ናት አሉ ሐኪሞቹ። ሳህሉ ዕድሜውን ሙሉ በሟርት አላምንም ሲል የኖረ ሰው ነው፤ የሐኪሞቹንም ቃል አምኖ ተቀብሎ ነበር። ትናንት ከቀብር በፊት ሊሰናበቱት ሣጥኑ ሲከፈት ግን ያው ሰማያዊ ሱፍ፣ ያው ክራቫት፣ እጅም በእጅ ላይ ሆኖ አየ። ብርነሽ ሳታውቅ ያንኑ ልብስ መርጣለች። ሳህሉ አጠገቡ የቆመውን ሰው ትከሻ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ እኔ ገድዬው ይሆን እያለ ያስባል፤ ብርነሽ ብትሰማ ደግሞ ከቤቷ ታስወጣዋለች። በዚህ አገር ከዚያ ቤት ሌላ ዘመድ የለውም።

ፊልሙን ለማጥፋት ስልኩን ከፈተ። እርግጠኛ ነህ ወይ ሲል ስልኩ ጠየቀው። አውራ ጣቱን አንስቶ ብዙ ቆየ። ያንን ቢያጠፋ የሐብቴ የመጨረሻ ፊት ይጠፋል፤ ያንን ማድረግ ደግሞ ሌላ መግደል መሰለው። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ተመለሰ።

በማግስቱ ሠልስቱ ወጥቶ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ኤልሻዳይ ቲቪውን ከፈተች። ሰካራሙ መጣ፣ አኩራፊው አጎት መጣ። ዘበኛው ማንኮራፋት ሲጀምር ለቅሶ ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ወዲያው ደግሞ ያው ሳቅ ወደ ለቅሶ ተቀየረ። የሟቹ እህት ባየሽ ዓይኗን እየጠረገች፣ ወንድሟ በጤናው እንዲህ ተቀጥፎ እንደማይቀርና የሆነ ነገር እንዳለበት አጠገቧ ላሉት ሴቶች ታንሾካሹካለች። ሳህሉ ሰማት።

«አንድ ይቀራል» አለች ኤልሻዳይ። «እሱ አንክል ሳህሉ ጋ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ይህን ጊዜ ብርነሽ ከፍራሹ ላይ ተነሳች፤ ናና አለችው፣ መኝታ ቤት አስገብታም በሩን ገፋ አደረገችው።

«ከቀብሩ ጀምሮ ዓይኔን አታየኝም» አለች። «ምንድነው የምትደብቀኝ?»

ሊዋሽ አስቦ ነበር፤ አልቻለም።

«ሬሳ ሆኖ ነው የተጫወተው፣ ብርነሽ። የሚተኛው ሰውዬ ቀረብን፤ እሱ እኔ ልተኛ አለ፣ እኔም መሐላዬን ትቼ እሺ አልኩ። በገዛ እጄ ነው ያስተኛሁት።»

ብርነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሳህሉ ጩኸቷን ጠበቀ፤ ባየሽ በሩን በርግዳ ስትገባ፣ እሱም በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሲወጣ ታየው። እሷ ግን እጇን እያየች ጠየቀችው።

«ምን ያህል ጊዜ ተኛ?»

«አንድ ደቂቃ ነው። ቢበዛ ሁለት።»

«ከዚያስ? ሲያበቃ እንዴት ተነሳ?»

ጥያቄው ወዲያው አልገባውም።

«ካሜራው ጠፍቶ ነበር ወይ ነው የምልህ።»

አልጠፋም ነበር፤ ዮሲ ሳይዘጋው ነው የቀረው። ሳህሉ ስልኩን አውጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። መተኛቱን እንዳያሳያት ነገረችው፤ የምትፈልገው ሲነሳ ነው። በጣቱ አሳለፈው። በቃ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሣጥኑ ውስጥ ሐብተማርያም አንድ ዓይኑን ከፈተ።

«እንዴት ነው፣ ሬሳነት ያምርብኛል?» አለ፤ ከካሜራው ጀርባ ሰው ሳቀ።

ከዚያ የሣጥኑን ጠርዝ ይዞ ሊነሳ ሞከረ። ግራ ጉልበቱ አሞት ተመልሶ ተቀመጠ። ቤት ውስጥ ከሶፋው ሲነሳ ክንዱን የምትይዘው ብርነሽ ነበረች፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን የያዘው ሰው አልነበረም። እንደገና ጠርዙን ጨበጠ። ብርነሽ ጎንበስ ብላ ቀኝ እጇን ከስልኩ ሥር አስገባች፤ ሐብተማርያም ቆሞ ሱፉን እስኪያራግፍ ድረስም ደግፋ ያዘችው።