ከፓርኪንጉ በኩል የሚመጣው ውሃ

«ቀጣይ ተናጋሪ፣ ወይዘሮ ትብለጥ» አሉ የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ፣ ስሙን ሦስት ቦታ ሰባብረው። ሩሃማ ቀና አለች። እንዲያ ተሰባብሮም ቢሆን የእናቷን ስም አልሳተችውም።

ዕቅዷን ለምክር ቤቱ አቅርባ ጨርሳ፣ እስከዚያች ቅጽበት ቅዳሜዋ አምሮላት ነበር። በአሜሪካ፣ ከአሌክሳንድሪያ ዝቅ ብላ በፖቶማክ ወንዝ ዳር በምትገኝ ትንሽ ከተማ የፕላን ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስሟ ከላይ የተጻፈበት የመጀመሪያ ሥራዋ ደግሞ ይህ የወንዝ ዳር ዕቅድ ነው። ዳርቻውን ከጎርፍ ለመከላከል ነዋሪዎች አትክልት የሚያለሙባቸው አርባ መደቦች መነሳት አለባቸው ይላል። ከአርባዎቹ አንዱ የእናቷ መሆኑን ታውቃለች። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት፣ የቀረበላት ጎመን ከዚያው መደብ የተቀነጠሰ መሆኑን ሰማች። ነገሩንም ጎመኑንም ዋጠችው።

ወይዘሮ ትብለጥ ለሠርግ ብቻ የሚያወጡትን ካፖርት ለብሰው ወደ ማይክራፎኑ ቀረቡ። ከአጠገባቸው አስተርጓሚው ጊዲዮን ቆሟል። ሩሃማን ዘወር ብለውም አላዩዋት።

«ሦስት ደቂቃ አለዎት» አሉ ሰብሳቢው።

«እንደምን አደራችሁ። ቅድም የተናገረችው ልጅ ጎበዝ ናት። ቁርስ ግን አልበላችም፤ ፊቷ ያስታውቃል።»

ጊዲዮን ጥቂት አመነታ። ግን የሰማውን ሁሉ መተርጎም ሥራው ነውና ተረጎመው። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

«ያውቁሻል እንዴ?» አላት አለቃዋ ጠጋ ብሎ።

«እናቴ ናት» አለች ሩሃማ፣ ለራሷም በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

እናቷ ቀጠሉ። «ካርታው ውሃው ከወንዙ ይመጣል ይላል። እኔ እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ተክያለሁ። በወንዙ በኩል ያለው ጎመኔ አንድ ቀን በስብሶ አያውቅም። የሚበሰብሰው ከጀርባ፣ በፓርኪንጉ በኩል ያለው ነው። ከአስፋልቱ ሥር ቱቦ አለ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይተፋል። ወንዙን በከንቱ ነው የምትከሱት።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ጊዲዮን ከፊቱ ያለውን ጠረጴዛ መታ አድርጎ ተረጎማት።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ሩሃማ ዞሩ። «ይህ ቱቦ በጥናታችሁ ታይቷል?»

አለቃዋ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ አደረጋት። «በቀጣዩ ምዕራፍ ይታያል» ማለት ይበቃ ነበር፤ በቢሯቸው ለማንኛውም ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እሱ ነው። ሩሃማ ካርታዋን አየች። ፓርኪንጉ ያለበት ቦታ ግራጫ ነው፤ ከግራጫው በቀር ምንም የለበትም። ቀለሙን የቀባችው ራሷ ናት።

«አልታየም» አለች። «እኔ አላየሁትም።»

ምክር ቤቱ ውሳኔውን በሁለት ወር አራዘመው።

እናቷን ውጭ ደረጃው ላይ ደረሰችባቸው። «እማዬ፣ ዕቅዱ የኔ መሆኑን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«የላካችሁት ደብዳቤ ላይ ስምሽ አለ። ደግሞ ‹የተከበሩ ነዋሪ› ትይኛለሽ!»

«ታዲያ ለምን ኮል አላደረግሽልኝም?»

«ኮል ሳደርግልሽ ሁሌ ‹ሚቲንግ ላይ ነኝ› ነው። እዚህ ግን ለተመዘገበ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣሉ አሉኝ። ተመዘገብኩ።»

«ቱቦውን አሳዪኝ» አለች ሩሃማ።

አብረው ወደ መደቦቹ ወረዱ። ሐሙስ ዘንቦ ነበር። በፓርኪንጉ በኩል ሁለት እርምጃ እንደሄደች የቢሮ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ። እናቷ ጎንበስ ብለው ነቅለው አወጡላት፤ እንደ ካሮት አራግፈውም ሰጧት። በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«አንሺው እንጂ» አሉ ወይዘሮ ትብለጥ። «እንጀራሽ አይደል?»

ሩሃማ ስልኩን አጠፋችው። የወደቀ የእንጨት ሳጥን ገልብጣ፣ አንድ እግሯ ባዶውን እንደሆነ ተቀመጠችበት።

«ንገሪኝ። እኔ ደቂቃ አልቆጥርም» አለች።

ወይዘሮ ትብለጥ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ከየት እንደሚጀምሩ ጠፋባቸው።