ሳብ ሲያደርጉት የሚፈታ

“ሳብ ያድርጉት” አለችው አሰልጣኟ።

ሳበው። ገመዱ አልተፈታም፤ ጭራሽ ምሰሶው ላይ ጥርሱን ነከሰ።

“ይኸው፣ ደግመው የግንበኛ ቋጠሮ ቋጠሩት። ጋሼ ቱንቢ፣ እጅዎ አልሰማ አለ እኮ።”

“እጄ ምን ያድርግ? ሠላሳ ዓመት የለመደውን በሦስት ሳምንት እርሳ እያልኩት።”

ተማሪዎቹ በግድግዳ ማቅኛው ገመድ ስም ጋሼ ቱንቢ ያሉት ግንበኛ ስለነበረ ነው። አምና መወጣጫ ላይ ቆሞ ግድግዳ ሲለስን፣ ሌላ ሰው ያሰረው ገመድ ተፈትቶ ከሁለተኛ ፎቅ ወደቀ። ወገቡ ድኗል ይባላል፤ የሲሚንቶ ከረጢት ግን ከዚያ ወዲህ አንስቶ አያውቅም። እዚሁ ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ የምትሠራው ልጁ ናት ሒሳብ አያያዝ ያስመዘገበችው። ወንበር ነው፣ ጠረጴዛ ነው፣ ከዚያ ወዴት ይወድቃል ብላ። ዴቢትና ክሬዲት ግን አምሳ ዓመት ከሞላው ጭንቅላት ጋር ሳይዋደዱ ቀሩ።

ከክፍሉ ጀርባ ፈረስ እየጋለቡ ከብት ማገድ የሚሠለጥኑበት ግቢ አለ። መጀመሪያ በእረፍት ሰዓት ሊያይ ብቻ ሄደ፤ ከዚያ ጋጣ ሊጠርግ፣ ከዚያ አንዷን ባዝራ ሊቦርሽ፤ ከዚያ ጭራሹን ከሒሳብ ክፍል ቀረ። ዓመት ሙሉ ሰው ሲደግፈው ከርሞ፣ እጁ ለአንድ ነገር የተፈለገ የመሰለው እዚያ ብቻ ነው። ለልጁ ግን ትንፍሽ አላለም።

ዛሬ የትምህርት ክፍል የመቀየሪያው የመጨረሻ ቀን ነው፤ የሬጅስትራር መስኮት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቅጹን አሰልጣኟ መፈረም አለባት፣ ሬጅስትራር ደግሞ ማህተም ማድረግ አለበት። ማህተሙ ያለው በልጁ እጅ ነው።

አሰልጣኟም ሳብ ሲያደርጉት የሚፈታውን ቋጠሮ ሳያሳያት አትፈርምም። ባለፈው ሳምንት ባዝራዋን በመወጣጫ ቋጠሮ አስሯት ስትደነብር ገመዱ አልላቀቅ ብሎ፣ በቢላዋ ቆርጠው ነው ያተረፏት።

“እውነቱን ልንገርሽ” አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “የሚፈታ ቋጠሮ እፈራለሁ። እኔን የጣለኝ የተፈታ ነው።”

አሰልጣኟ ምሰሶው ላይ የጠበቀውን ቋጠሮ ፈልቅቃ ገመዱን ሰጠችው። “እርስዎን ተፈትቶ ጣለዎት። እሷን ካልተፈታ ይገድላታል። በሉ እንደገና።”

ባዝራዋን አምጥቶ በሚፈታው ቋጠሮ አሰራት። በላብ የራሰ ጣቱን ሱሪው ላይ ሲጠርግ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ሰማ።

“አባባ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?”

ልጁ ናት፤ የሥራ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆማለች።

“የሒሳብ መምህርህ ካየሁት ቆየሁ አለኝ። የት ወደቀ ብዬ ልቤ ወልቆ ስፈልግህ፣ አንተ ለካ ከፈረስ ላይ ልትወድቅ ነው የመጣኸው።”

“ልነግርሽ ነበር።”

“መቼ? ሆስፒታል ልጠይቅህ ስመጣ?”

በዚያው ቅጽበት የግንባታ ተማሪዎች የተሸከሙት ቆርቆሮ አምልጧቸው ግቢው ተንጓጓ። ባዝራዋ ወደ ኋላ ተወረወረች፤ ገመዱ ተወጠረ፣ ምሰሶው ሲጢጥ አለ። ልጁ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የሱም እጅ አጥብቀህ ያዝ አለው፤ የለመደው እሱን ነውና። ጥርሱን ነክሶ የገመዱን ጫፍ ሳብ አደረገው።

ተፈታ። ባዝራዋ ግቢውን አንዴ ዞራ ጥግ ላይ እያለከለከች ቆመች። እሱም ቆሟል።

አሰልጣኟ ምንም ሳትናገር ቅጹን ተቀብላው ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ፈረመችና መለሰችለት። እሱም ከአጥሩ በላይ አሳልፎ ለልጁ ዘረጋላት።

“ከፈረሷ ይልቅ አንቺን ነው የፈራሁት” አላት።

ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሰዓቷን አየች፤ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው።

“ቅጽ የምንቀበለው በመስኮት ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ይዞ ሲመጣ” ብላ ቅጹን መለሰችለት።

ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ልጁ ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞር አለች።

“መጀመሪያ ባዝራዋን ያዛት፤ ቀስ ብለህ። አንተ እስክትመጣ መስኮቱን አልዘጋም።”