ባለቤት ያጣችው ኮሮላ

«ኧረ ይሄ ባጃጅ አንጀቴን ነው የበጠሰው!» አለች የሺመቤት፣ ክራንቿን ከግድግዳው አስደግፋ ከኢልሃም አጠገብ ምንጣፉ ላይ እየተቀመጠች።

የመስዑድ ለቅሶ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሴቶቹ ቤት ውስጥ፣ ወንዶቹ ደጅ እድሩ በተከለው ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። ሻይ ይዞራል፣ ወሬው በሹክሹክታ ነው።

«መኪናችሁስ፣ እትዬ የሺመቤት?» አለች ኢልሃም። ለወጉ ነው የጠየቀችው። አባቷን ከቀበረች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ ከየት ይምጣላት?

«እ... ቤት ነው። ቤት ቁሟል።»

ኢልሃም ቀና አለች። የዚችው ሴት ባል ክንዱ ትናንት ለአጎቷ ለኢብራሂም «መኪናዬን ሐሙሲት ላለ ዘመድ አውሼ በባጃጅ መጣሁ» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። እንግዲህ አንድ መኪና እንዴት አድርጎ ቤትም ይቆማል፣ ሐሙሲትም ይሄዳል? ባልና ሚስት ሊዋሹ ከፈለጉ አስቀድመው መማከር ነበረባቸው።

በመስኮቱ ወደ ጓሮ ተመለከተች። እዚያ አንዲት አመድማ ኮሮላ የበሮቿ ሽፋን ተነቅሎ፣ ሽቦዋ ተንጠልጥሎ ቆማለች። ኢልሃም ይፋግ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሰንብታ ስትመለስ ነው ያገኘቻት። «የማን ናት?» ስትለው አባቷ «የወዳጄ» ብቻ አላት። መስዑድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ቢሆንም የደንበኛ ስም የሚጽፍ ሰው አልነበረም፤ ሁሉን በቃሉ ይይዛል። ኮሮላ ደግሞ በባሕር ዳር ሞልቷል፤ ማን ከማን ይለየዋል? በማግሥቱ ልቡ ቀጥ አለችና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ቀብር ላይ ኢብራሂም እንደ ደንቡ ቆሞ «ወንድሜ ዘንድ ሐቅ ያለው ይንገረን፣ ካልሆነም አውፍ ይበለን፣ ይቅር ይበለን!» ብሎ ጮኾ ነበር። ሕዝቡ «አውፍ ብለናል» አለ። መኪና አለኝ ያለ ግን አልነበረም።

ኢልሃም ተነሥታ ክንዱን ከድንኳኑ ጫፍ ጠራችው።

«ጋሽ ክንዱ፣ ጓሮ ያለችው መኪና የእርስዎ ናት?»

የኮሌጅ መምህሩ ክንዱ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደነገጠ። «የሺመቤት ነገረችሽ? ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን ጉድ ታደርገኛለች አላልሁም?»

«አጎቴ ቀብር ላይ ሲጠይቅ እኮ ነበሩ።»

«ነበርሁ እንጂ! ታዲያ ወዳጄ አፈር እየለበሰ መኪናዬን ልበል? ነውር አይደለም? ከአርባው በኋላ ቀስ ብዬ እጠይቃለሁ ብዬ ዝም አልሁ።»

«ዝም ሲሉ እኮ አባቴ አንገት ላይ ቀረች» አለች ኢልሃም። «እኛ ዘንድ ያ ጥያቄ ለወግ አይደለም። ያልተመለሰ ሐቅ ሟቹን ይይዘዋል።»

ክንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔ እኮ ማክበሬ ነበር፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያስ አሁኑኑ አውፍ ብያለሁ። እንዲሁ እንዳለች እወስዳታለሁ።»

«በሯ ተበታትኖ የት ይወስዷታል? አባቴ ምን ሊሠራላችሁ ነበር?»

ክንዱ እያፈረ ነገራት። መኪናዋ አሮጌ ናት። የሾፌሩን በር በቁልፍ ሲከፍቱት ሌሎቹም አብረው ይከፈታሉ፤ ሪሞት ግን የላትም። «ዝናብ ሲመጣ የሺመቤት በክራንች ቀድማ ትደርሳለች። እኔ ዕቃ ተሸክሜ ቁልፉን እስካመጣ በሩ ላይ ቆማ ትበሰብሳለች። ሪሞቱ በእጇ ቢሆን ቀድማ ትገባ ነበር። መስዑድም ለክረምት አደርስላችኋለሁ፣ ቃሌ ነው አለኝ።»

ሰኔ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል።

ኢልሃም መኪናዋን ራሷ ልትጨርስ መሆኑን ኢብራሂም ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «ለቅሶ ቤት መኪና ሲፈታ አይቼ አላውቅ። ሦስተኛው ቀን እንኳ ሳይወጣ! ሰው ምን ይላል?»

መልሱ የመጣው ከውስጥ ነበር። ራሂማ፣ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከአልጋዋ ጥግ ያልተንቀሳቀሰችው ራሂማ፣ በመጋረጃው በኩል «የወንድምህ ቃል በአየር ላይ ተንጠልጥሎ አንተ ለሰው ወሬ ትጨነቃለህ?» አለችው። «ልጄ ሥሪ። ቢስሚላህ በይ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኢልሃም ካቻቪቴና ፒንሳዋን ይዛ ኮሮላዋ ውስጥ ገባች። ከአባቷ ጎን ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ብቻዋን ጀምራ የጨረሰችው ሥራ ግን አልነበረም። ለቀስተኞቹ ሻያቸውን ይዘው ሰረቅ አድርገው ያዩዋታል። አንዷ «ወይ ጉድ፣ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» ስትል ሰማቻት። ወደ ሽቦዋ አጎነበሰች።

አባቷ ያዘጋጀውን የሪሞት ሳጥን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገብታ ሽቦውን አገናኘችና ሪሞቱን በእጇ ያዘች። ተጫነችው። ሦስቱ በሮች ቀጭ አሉ። የሾፌሩ በር ንቅንቅ አላለም። ደግማ ተጫነችው። ያው ነው። ሽቦውን ፈታ እንደገና አሰረች፤ ላቧ በዓይኗ ገባ። ያ ሁሉ ሰው እያየ የአባቷን ቃል ልታዋርድ ነው። «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አለች ጮክ ብላ፣ ለማን እንደምትናገር ራሷም አታውቅም።

እሱ ቢሆን መጀመሪያ ይስቅ ነበር። መስዑድ ሐይቁ ዳር ከጀልባ ሠሪ የተወለደ ሰው ነው። «አባቴ የሠራው ጀልባ ቁልፍ አልነበረው፤ እኔ ይኸው በሰው ቁልፍ እንጀራ እበላለሁ» እያለ ይስቃል። «ሴት ልጅ በግራሶ?» ያሉትን ዘመዶች «ምስማር የመታው ማን እንደሆነ ጀልባው አይጠይቅም» ብሎ ነበር የመለሳቸው። አንድ ቀን ደግሞ እንዲህች ያለች አሮጌ መኪና ሲፈታ አሳይቷታል፤ «ይኸውልሽ፣ የሾፌሩ በር ሌሎቹን ያዛል እንጂ የሚያዘው የለም። ውስጡ ሞተር የለውም። አልጋው ላይ ተኝቶ ውኃ አምጡ እንደሚል አባወራ ነው።»

ኢልሃም ከመኪናዋ ዘላ ወረደች። ከአባቷ መደርደሪያ ከሌላ መኪና የተፈታ የበር ሞተር መርጣ አመጣች፤ በሾፌሩ በር ውስጥ አሰረችው፤ ሽቦውን ቀጠለች፤ ተጫነችው።

አራቱም ቀጭ!

ከድንኳኑ አንድ ሽማግሌ «ማሻአላህ» አለ። ኢብራሂም ተነሥቶ የበሩን ሽፋን ያዘላት፣ እስክታስረው ድረስ ቁሞ።

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ክንዱ በሰዎቹ መካከል ተነሣ። ሺህ ተማሪ ፊት የሚያስተምር ሰው ቃል አጠረው። «ጌቶቼ» አለ፣ «መስዑድ ዘንድ ሐቅ ነበረኝ። ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርሁም፣ አጠፋሁ። ዛሬ ልጁ ሠርታ አስረከበችኝ። መስዑድ ቃሉን ጠብቋል፤ ከእኔ ነጻ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ድንኳኑ። ከመጋረጃው ኋላ ራሂማ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ኢልሃም ጓሮው ግንብ ላይ ቁጭ ብላ ሁሉን ሰማች። የሺመቤት በክራንቿ እየተራመደች መጥታ ሪሞቱን ከእጇ ተቀበለች፤ ተጫነችው፤ በሮቹ ተከፈቱ። ክንዱ መሪው ጋ ደርሶ «እንሂድ?» አላት።

የሺመቤት መልሳ ቆለፈችው። «ወዴት ነው የምንሄድ? መኪና ልንወስድ ነው እንዴ የመጣነው? ግባና ከሰው ጋር ተቀመጥ።»

ከኢልሃም ጎን ግንቡ ላይ ተቀመጠችና ልጅቷን ወደ ትከሻዋ ሳበቻት። ያኔ ሦስት ቀን ሙሉ የታፈነው ለቅሶ ገነፈለ። ኢልሃም «አባዬ! አባዬ!» እያለች ስታለቅስ፣ ግራሶ ያጠቆረው እጇ የሴትዮዋን ነጭ ነጠላ እንዳይነካ ወደ ጎን አርቃ ይዛው ነበር። የሺመቤት የልጅቷን ሁለት እጆች ሰብስባ በነጠላዋ ጠቀለለቻቸው፤ አጥብቃም ያዘቻቸው።