ሰው የሚያወራበትን ዝለለው

በእኛ ቤት ልቦለድ የሚነበበው ሰው የሚናገርበት ቦታ እየተዘለለ ነበር። ሕጉን ያወጣችው እናቴ ናት። ልብስ ሰፊ ስለነበረች ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ወሬ ስትሰማ ትውላለች፤ የማን ባል እንደከዳ፣ የማን ልጅ እንደኮበለለ፣ የማን ወገብ እንደሰፋ። ማታ አባዬ መጽሐፍ ሲገልጥ፣ እሷ አጠገቡ ቁልፍ እየተከለች፣ «በሞቴ፣ ሰው የሚያወራበትን ዝለለው። ወሬ ጠግቤ ነው የመጣሁት። ቤቱን አንብብልኝ» ትለዋለች።

አባዬም ቤቱን ያነብላታል። ደረጃውን፣ መጋረጃውን፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን የባቡር ጣቢያ። ጥሩ አንቀጽ ካገኘ ወደ ኋላ ተመልሶ ይደግመዋል፤ ከረሜላ ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው እንደሚያዛውር ሰው። ገዳዩ ጎራዴውን መምዘዝ ሲጀምር ገጹን ገልብጦ ያልፋል፤ ጎራዴው የተሰቀለበት ግድግዳ ላይ ግን እስኪበቃው ይቆማል።

በዚህ የተነሳ እኔና እህቴ ልቦለድ የምናውቀው እንደ ቤት ደላላ ነው። ትምህርት ቤት አስተማሪያችን «ዋናው ገጸ ባሕርይ መጨረሻው ምን ሆነ?» ሲለኝ፣ «መኝታ ቤቱ በምሥራቅ በኩል ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ያገኛል» ብዬ መለስኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ለካ በሁለተኛው ምዕራፍ ሞቷል።

ዛሬ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? አባዬ ይደግማቸው የነበሩትን ዓይነት አንቀጾች መቁረጥ። አለቃችን «አንባቢ ጊዜ የለውም» ይላል፤ ይህንን ለማስረዳት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስብሰባ ይዞን ይውላል። ደራሲው ስለ ዝናብ ሦስት ገጽ ከጻፈ እኔ «ዘነበ» ብዬ እገላግለዋለሁ።

አባዬ ከሞተ በኋላ እማዬ ባደግንበት ቤት ብቻዋን ቀረች። ባለፈው ክረምት ከደረጃው ወደቀችና ዳሌዋ ተጎዳ። እስኪሻላት ብለን የእህቴ አፓርታማ ውስጥ አስገባናት። እህቴን ኮሎኔሏ እንላታለን፤ ባሏን፣ ልጆቿንና የሕንፃውን ጥበቃ በአንድ ድምፅ ስለምታሰልፍ።

አንድ ቅዳሜ ደወለችልኝ።

«ቶሎ ናልኝ! እናትህ ነገ ቤቴ እገባለሁ ብላ ሙጭጭ ብላለች።»

«ዛሬ የእኔ እናት ሆነች?»

«አትቀልድብኝ! ያንን ደረጃ ብቻዋን ልትወጣ? ብትወድቅ ማን ያነሳታል? አንተን ትሰማለች፣ ንገራት!»

እኔን የሰማችበት አንድም ቀን ትዝ አይለኝም። ምን ይዤ እንደምሄድ ሲጨንቀኝ፣ አባዬ ደጋግሞ ያነበበላትን ሽፋኑ የወለቀ ወፍራም ልቦለድ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ሄድኩ።

እማዬ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ተራዋን እንደምትጠብቅ ታካሚ ተቀምጣለች።

«እንዴት ነሽ እማዬ?»

«እንግዳ እንዴት ይሆናል? ደህና ነኝ።»

«የልጅሽ ቤት አይደል እንዴ?»

«ቤቱማ ያምራል፤ ምን ይወጣለታል። ግን አልለመደኝም። ማታ ስነሳ ከዕቃው ጋር እየተጋጨሁ ነው የምሄደው። የራሴን ቤት ዓይኔን ጨፍኜ እዞረዋለሁ።» ከዚያ ኮሎኔሏ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባትህም የሚታየኝ እዚያ ነው።»

ብብቴ ሥር የነበረውን መጽሐፍ አውጥቼ ገለጥኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳነበብኩ አስቆመችኝ።

«ምን ያስሮጥሃል? ጅብ ይከተልሃል እንዴ? አባትህ እኮ ከአጥሩ እስከ በሩ ድረስ ለመሄድ አንድ ምሽት ይፈጅበት ነበር።»

እንደገና ጀመርኩ፣ ቀስ ብዬ። «ከደረጃው ሥር ያለው መስታወት ጠርዙ በጥቁር ነጠብጣብ ስለተበላ፣ የገባውን ሰው ሁሉ በጥቂቱ አስረጅቶ ይመልሰዋል። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች አንዱ አንዱን ነካ፣ ነካ ያደርገዋል፤ ከዚያ ቤቱ የሰማውን እያሰበ ዝም ይላል።»

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ መርፌ እንደያዙ ተገጣጠሙ። የዚያ ክፍል ሽታ መጣብኝ፤ የስፌት መኪናው ዘይት፣ በካውያ የጋለ ሱፍ፣ አባዬ ገጽ ሊገልጥ ጣቱን በምላሱ ሲያረጥብ የሚሰማው ድምፅ። በሥራ ቦታ ቢሆን ይህንን አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ ጨርሼው ነበር።

«እዚህ ቤት አንድ ቀን አድሬ አላውቅም» አለች መጽሐፉን እየዳሰሰች፣ «ግን በጨለማ ማብሪያ ማጥፊያውን አገኘዋለሁ።»

ይኼኔ ተንኮል መጣልኝ። ገጹን ገለበጥኩና ከመጽሐፉ እንደማነብ ሆኜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«አራተኛ ፎቅ ላይ የአንዲት ኮሎኔል መኖሪያ ነበር። ሳሎኑ እንደ ጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ስለነጣ፣ የገባ ሁሉ አፉን ከፍቶ መቀመጥ ያምረዋል። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ ስላልወለቀለት፣ እንግዳ በተነሳ ቁጥር አብሮ ሊነሳ ይሞክራል።»

«የማንን ቤት ነው የምታማው?» የሚል ጩኸት ከወጥ ቤት መጣ።

«ዝም በይ አንቺ፣ መጽሐፍ ነው!» አለች እማዬ። ሳቋን በከንፈሯ አፍናለች። «ቀጥል።»

«ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በሰፊው መስኮት ትገባና ምንጣፉ ላይ ጋደም ትላለች...»

«ውሸት።»

«ምኑ?»

«ደራሲህ ቤቱን አላየውም። ምንጣፉ ጋ መቼ ደርሳ ታውቃለች? የፊት ለፊቱ ሕንፃ ይከልላታል። የምትመጣው ከዚያኛው ሕንፃ መስታወት ነጥራ ነው፤ ያ ግድግዳ ላይ፣ ከሰዓቱ ሥር። መጀመሪያ መዳፍ ታክላለች። እየቆየች ትረዝማለች፣ ጠርዟ እንደ ውሃ ይርገበገባል። ማዶ ያለችዋ ሴትዮ መስኮቷን ዘጋ ስታደርግ ድርግም።»

ዞር ብዬ አየሁ። ከሰዓቱ ሥር፣ ልክ እንዳለችው፣ አንዲት ቁራጭ ብርሃን ትርገበገባለች። ኮሎኔሏም ማንኪያዋን እንደያዘች ብቅ ብላ ከጎኔ ቆመች።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ስኖር አይቼው አላውቅም» አለች፣ ያለወትሮዋ በቀስታ።

«አንቺ መቼ ትቀመጫለሽ?» አለቻት እማዬ። እሷም ራሷ የተናገረችው ነገር አሁን ገና የተሰማት ይመስል ግድግዳው ላይ ዓይኗ ቀረ። ሦስታችንም ስናያት ማዶ መስኮቱ ተዘጋና ብርሃኗ ጠፋች።

«አባታችሁ ቢሆን ይቺን ይደግማት ነበር» አለች። ወደ እህቴ ዞር ብላም፣ «ነገ የትም አልሄድም። ይሄ ልጅ ሲያነብ ቤቱን እንዳይሆን አድርጎ ሊያበላሸው ነው» አለች።

ኮሎኔሏ ፊቷን ወደ ወጥ ቤት አዞረች፤ የሚቃጠል ነገር አልነበረም።

«ደግሞ ከመሃል ነው የጀመርከው» አለችኝ እማዬ። «ሰው ቤት የሚገባው ከሳሎን ነው እንዴ? ከታች፣ ከውጭው በር ጀምር።»

መጽሐፉን ዘግቼ ከውጭው በር ጀመርኩ። ቀለሙ የተላጠውን ብረት፣ የጥበቃውን ሬዲዮና በሽቦ የታሰረ አንቴናውን፣ ሁሌ እርጥብ የሆነውን የኮሪደር ወለል፣ የማንንም ጫማ ድምፅ የእንግዳ የሚያስመስለውን ግድግዳ። ሊፍቱ ተከፈተ ብዬ ላስገባት ስል እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ቆይ» አለች ዓይኗን እንደጨፈነች። «ገና አታስገባኝ። እዚህ ትንሽ ልቁም።»