ስፌቱ ሲወጠር

«አትንኩት ብያለሁ!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ከፍራሻቸው ላይ ሆነው ጮኹ። ሁለት ጎረምሶች ለለቀስተኛው ቦታ ለማስፋት ብለው ደጁ ላይ የተደገፈውን የብራና መወጠሪያ ሊያነሱ ነበር። የፍየሉ ቆዳ በእንጨቱ መሀል በጠፍር ተወጥሮ፣ ባለቤታቸው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እንደተዉት ቆሟል። መሪጌታ ማኅሌት ቆመው አድረው መጡ፤ ጥቂት ልረፍ ብለው ጋደም እንዳሉ ቀሩ። ዛሬ ሰልስታቸው ነው፤ የዳባት ሰው ሲገባና ሲወጣ ቆዳውን እየዞረ ያልፋል።

ምራታቸው ሸጊቱ ጥግ ይዛለች። የመውለጃ ወሯ ሊገባ ተቃርቧል። ባሏን ደምለውን ደርግ ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰደው ወዲህ መከታዋ አማቿ መሪጌታ ነበሩ።

እዝን ይዛ የመጣችው ጎረቤት ማንጠግቦሽ ሹክ ስትል እንኳ ቤቱ ሁሉ ይሰማታል። «ይች ልጅ ያኔ በኦፕራሲዮን ወልዳ የለም እንዴ? አንዴ የተከፈተች ሴት ሁልጊዜ እየተከፈተች ነው አሉ የምትወልድ።»

ደብሪቱ ሰሙ። «እዚሁ ቤቷ ትወልዳለች! እኔ ሁሉንም የወለድሁ እዚሁ ነው። ደግሞስ አርባው ሳይወጣ ወዴት ትሄዳለች? ቢላውን አይተነዋል፤ የልጅ ልጄን ነው የበላብኝ።»

ሸጊቱ አንገቷን ደፋች። ልጁን የገደለው ቢላ አልነበረም። ሆዷ ውስጥ ተጋድሞ አልወጣ ብሎ፣ በቃሬዛ ተሸክመው ጎንደር ሲያደርሷት ሞቶ ነበር። ቢላው እሷን ነው ያተረፈ። ይህን ጠይቀው የተረዱት መሪጌታ ብቻ ነበሩ።

መሪጌታ ጠያቂ ሰው ነበሩ። ሹፌር ካገኙ ስለ ፍሬን፣ ወታደር ካገኙ ስለ ጫማው ስፌት ሳይጠይቁ አይለቁም። ምራታቸው ዳግም ስታረግዝም ጎንደር ይዘዋት ወረዱና ሐኪሙን ያዙት። «ልጄ፣ ያኔ የቆረጣችኋት ወዴት ነው? ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ጎን?» ሐኪሙ ስክሪብቶውን አስቀምጦ አያቸው። ከዚህ በፊት ይህን የጠየቀው ቄስም ባልም አልነበረም።

አማትና ምራት ስለ ማህፀን አያወሩም፤ ነውር ነው። መሪጌታ ግን መላ አገኙ። ከጎንደር መልስ ቆዳ እየወጠሩ፣ ዓይናቸውን ከፍየሉ ላይ ሳያነሱ ያወሯት ጀመር።

«አየሽ፣ ቢላ ሲያመልጠኝ ቆዳውን ይቀደዋል። በጅማት እሰፋዋለሁ። የተሰፋ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ያንች ከታች፣ ወደ ጎን ነው አለኝ። እንዲህ ያለው ምጥን አብዛኛውን ጊዜ ይችላል። ከላይ እስከ ታች ቢሆን ሞክሪ አይልሽም ነበር። ልጁም ዘንድሮ አልተጋደመም።»

ሸጊቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። «ባይችልስ፣ የኔታ?»

ጥያቄ በመጠየቋ ፊታቸው በራ። «እሱንም ጠይቄዋለሁ! እኔ ስወጥር ከስፌቱ አጠገብ አልርቅም፤ መተርተር ከጀመረ ወዲያው ጠፍሩን አላላለሁ። አንችም የምታምጭ ሐኪሙ አጠገብ ነው። ካስቸገረ ቶሎ ይደርስልሻል። እዚህ ምጥ ቢይዝሽስ? መኪና በወታደር ታጅቦ ካልሆነ አይንቀሳቀስ፣ ማን ያደርስሻል? ወርሽ ሳይገባ እኅቴ ዓለምዬ ቤት፣ ጎንደር እንወርዳለን።»

አሁን እሳቸው የሉም። ሸጊቱ ፈራች። ለራሷም፣ በሆዷ ለሚንፈራገጠውም ፈራች።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ ተጠግታ የሰማችውን ሁሉ ለደብሪቱ ነገረቻቸው።

«ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?» አሉ ደብሪቱ።

«ቢላ ሲባል ያለቅሳሉ ብለው ነው፣ እምዬ። ቀኑ ሲቃረብ ሊነግሩዎ ነበር።»

ደብሪቱ ተነስተው ወደ ደጅ ወጡ። ቆዳው ደርቆ ከበሮ ሆኗል። ዳር ላይ የተሰፋች ቦታ አለች፤ በጣታቸው ጫን አሏት።

«ይኸው ችሏል! ማንም ሳይጠብቀው ችሏል። አንችም እዚሁ ትችያለሽ።»

«ሲወጠር የኔታ አጠገቡ ነበሩ፣ እምዬ።»

ደብሪቱ ስፌቱን ተከትለው ጣታቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱ። ኋላ፣ በዕድሜያቸው ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቁ። «አንችን... ወዴት ነበር ያልሽኝ የቆረጡሽ?»

ሸጊቱ በነጠላዋ ላይ፣ ከሆዷ በታች፣ በእጇ አሳየቻቸው። ደብሪቱ ዓይናቸውን አላሸሹም።

«ልብስሽን ሰብስቢ። ነገ እጀባ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም እወርዳለሁ።»

ማንጠግቦሽ ከበር ላይ ደነገጠች። «አርባው ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል!»

«ይጠይቀኝ፤ እነግረዋለሁ።»

ሸጊቱ ልብሷን በመሪጌታ ጋቢ ጠቅልላ ስትመጣ፣ አማቷ ጠፍሩን ከመወጠሪያው ላይ እየፈቱ ነበር። ቆዳው በየዳሩ ላላ። አንዲት ቋጠሮ ቀረች፤ መሪጌታ በእጃቸው ያጠበቋት ናት። ደብሪቱ በጣታቸው ዳሰሷት፤ ሊፈቷት ግን አልጨከኑም።

«ቢላ አምጭልኝ» አሉ።

ቋጠሮዋን ሳይነኩ ጠፍሩን ከአጠገቧ ቆረጡት። ጥቅሉን አሰሩበት፤ የመሪጌታን ቋጠሮ ከላይ አደረጓት።